ቡናውን በጨው የሚጠጣ ሰው ስኳር ሲይዘው

እስቲ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ዕድሜ ልኩን ቡናውን በጨው ሲጠጣ የኖረ ሰው እንዴት ስኳር ይይዘዋል?

ጥያቄው የእኔ አይደለም። ባለፈው ክረምት፣ ከአጋሮ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ፣ አጎቴን ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት ሁሉ እየተቀባበለ ሲያነሳው የሰማሁት ነው። አጎቴ የቡና ገበሬ ናቸው። እንደ አካባቢው ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ቡና ሲፈላ የሚቀርብላቸው ጨው እንጂ ስኳር አይደለም። ለስላሳ ‹‹የልጆች ነገር›› ነው ይላሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ የግራ እግራቸው ጣት ላይ በገጀራ የተነካች አንዲት ትንሽ ቁስል ሁለት ወር ሙሉ አልድን አለች። በሦስተኛው ወር ደማቸው ሲመረመር ስኳራቸው ከ300 በላይ ሆኖ ተገኘ። ጣታቸው ተቆረጠ።

ከዚያ በፊት ለዚያችው ቁስል ሁለት ጊዜ ወደ አንድ የሕክምና ቦታ ሄደው ነበር። ሁለቴም ቅባትና እንክብል ተሰጥቷቸው ተመልሰዋል። ጣታቸውን ወጋ አድርጎ አንዲት ጠብታ ደም ያየላቸው ሰው አልነበረም። የቦታውን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ቦታ ብቻ አይመስለኝም።

ጎረቤቱ ታዲያ ምክንያት ሲፈልግ ዋለ። አንዱ ‹‹የሰው ዓይን ነው›› አለ። ሌላው ‹‹ከከተማ የሚመጣው ዘይት ነው›› አለ። አንዲት እናት ደግሞ ቡናቸውን ፉት እያሉ ‹‹ንዴት ነው፤ የቡና ዋጋ የወደቀ ጊዜ ቆሽቱ አርሯል›› አሉ። ያኔ ሳቅሁ። ኋላ ነገሩን ሳነብ ግን ከሁሉም ይልቅ ለእውነቱ የቀረቡት እሳቸው መሆናቸው ገባኝ። በንዴቱ ሳይሆን በ‹‹ቁጣ››ው ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአማርኛችን ቁስል ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲሞቅና ሲያም ‹‹ቁስሉ ተቆጣ›› እንላለን። ባለሙያዎቹ ብግነት ይሉታል። ይህ ቁጣ ጠላት አይደለም፤ የሰውነት ዘበኛ ነው። እሾህ ሲወጋን ወይም ጀርም ሲገባ የመከላከያ ሴሎች ተጠራርተው ይመጣሉ፣ ይዋጋሉ፣ ያጸዳሉ፣ ሲጨርሱ ይበተናሉ። ቁጣውም ይበርዳል። ሌላ ዓይነት ቁጣ ግን አለ። አያብጥም፣ አይቀላም፣ አያተኩስም፣ አያምም። ዝቅ ብሎ፣ ሳይበርድ፣ ለዓመታት ይቆያል። ማታ አመድ ለብሶ ሲነጋ ትር ሲሉት የሚቀላ ፍም አይታችኋል አይደል? እንደዚያ ነው። ስለ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ የሚጽፉ ተመራማሪዎች ከ30 ዓመት ወዲህ ደጋግመው የሚያወሩት ስለዚህ ፍም ነው።

ወሬው የተጀመረው ግን ከዚያም በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ዊልሄልም ኤብሽታይን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የአስፕሪን ዘመድ የሆነ መድኃኒት ለስኳር ሕመምተኞች ሲሰጥ በሽንታቸው የሚወርደው ስኳር እንደቀነሰ ጻፈ። ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ከስኳር ጋር ምን አገናኘው? መልሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1993 ጎካን ሆታሚስሊጊል የተባለ ቱርካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ቦስተን ውስጥ የወፈሩ አይጦችን ስብ ሲመረምር ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። ስቡ ዝም ብሎ የተቀመጠ የጉልበት ጎተራ አልነበረም። ቲኤንኤፍ አልፋ የሚባል፣ ቁጣ የሚያነሳሳ ንጥረ ነገር ያመነጭ ነበር። ንጥረ ነገሩን ሲያግዱት የአይጦቹ ሰውነት ኢንሱሊንን በተሻለ መስማት ጀመረ።

‹‹ኢንሱሊንን መስማት›› ስል ምን ማለቴ ነው? ኢንሱሊን ከቆሽት የሚወጣ መልእክተኛ ነው። ስንበላ ወደ ጡንቻና ጉበት ሄዶ ‹‹በር ክፈቱ፣ ስኳር መጥቷል፣ አስገቡት›› ይላል። አሁን በገበያ ቀን አጋሮ መናኸሪያ አጠገብ ቆማችሁ ጓደኛችሁ ከማዶ ስማችሁን ሲጠራ አስቡት። ረዳቱ ይጮኻል፣ ባጃጁ ይነፋል፣ በግ ይጮኻል። ጓደኛችሁ ጠርቷችኋል፤ እናንተ ግን አልሰማችሁም። ሆድ ዕቃ አካባቢ የተከማቸው ስብ ሲሞላና ሲጨናነቅ የስብ ሴሎች ይጎዳሉ፣ አንዳንዶቹም ይሞታሉ። ማክሮፌጅ የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ለማጽዳት ይገባሉ። ሥራው ስለማያልቅ ግን አይወጡም። እዚያው ተቀምጠው የሚረጩት ንጥረ ነገር በደም ተዘዋውሮ ጡንቻና ጉበት ላይ ገበያ ያህል ጫጫታ ይፈጥራል። ኢንሱሊን ይጣራል፣ የሚሰማው የለም። ቆሽት ምን ያደርጋል? ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ብዙ ኢንሱሊን ይልካል። ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አስር ዓመት እንዲህ ሲጮህ ይኖርና ይደክማል። ስኳሩም ደም ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ ‹‹ቆሽቱ አረረ›› ማለት ይሄ አይደል?

ይህ የአይጥ ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሞ የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ27 ሺህ በላይ ጤነኛ ሴቶችን ለ4 ዓመት ያህል ተከታትሏል። ሲጀመር ደማቸው ውስጥ ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲን የተባለው የቁጣ ምልክት ከፍ ያለባቸው ሴቶች፣ ዝቅ ካለላቸው ይልቅ በኋላ ስኳር የሚይዛቸው በጣም በዝተው ነበር። ልብ በሉ፣ ምልክቱ ሲለካ ስኳር አልነበረባቸውም። ቁጣው ቀድሞ ነበር።

ከዚህ በላይ ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር አለ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1977 ተጀምሮ 20 ዓመት የዘለቀ ትልቅ ጥናት ነበር። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር እንዳለባቸው ገና በተነገራቸው ጊዜ፣ ኢንሱሊን የሚያመነጨው የቆሽታቸው ክፍል አቅም በግማሽ ያህል ወርዶ ተገኝቷል። ስለዚህ አጎቴ ስኳር የያዛቸው ጣታቸው የቆሰለ ለት አይደለም። ምናልባት አስር ዓመት ሙሉ አብሯቸው ቡና ሲጠጣ ነበር።

እዚህ ላይ ‹‹አጎትህ ገበሬ ናቸው፣ ወፍራምም አይደሉ›› የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፤ እጅና እግራቸው ቀጭን ነው። ነገር ግን ከአስር ዓመት ወዲህ ከማሳ ይልቅ ከጎረቤት ቡና እየገዙ መሸጡ ላይ አተኮሩ። በእግር ይሄዱት የነበረውን መንገድ በሞተር ብስክሌት ሆነ። ቦርጭ አወጡ። ቦርጫቸውን ያየ ሰው ምን ይል ነበር መሰላችሁ? ‹‹ተስማማው፤ አምሮበታል!›› በቡናው አገር ቦርጭ የደህና ዓመት ምልክት ነው። ዋጋ ጥሩ ሲሆን ቤቱ ቆርቆሮ ይለብሳል፣ ባለቤቱ ቦርጭ ያወጣል። ሁለቱንም ‹‹እንኳን ደስ አለህ›› እንላቸዋለን። ለቁጣው ዋናው ነገር ደግሞ ጠቅላላ ክብደት ሳይሆን ሆድ ውስጥ፣ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ነው። ቀጭን ባለቦርጭ ሰው ‹‹ቀጭን ነኝ›› ብሎ ቢተኛ ተሳስቷል።

ለሚዛናዊነት ያህል ሌላውንም ልበል። በአገራችን ያለው ስኳር ሁሉ የቦርጭ ስኳር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በጎንደር ዙሪያ ገጠሮች የተሠራ ጥናት በጣም ከሱ፣ ድሃ የሆኑና ኢንሱሊን የሚፈልጉ ሕመምተኞችን አሳይቶ፣ ‹‹ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር አለ ወይ?›› የሚለውን የቆየ ጥያቄ እንደገና አንስቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 ባንኮክ ላይ የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ጉባኤ ይህን ዓይነቱን ‹‹አምስተኛው ዓይነት›› ብሎ ስም ሰጥቶታል። ለእነዚያ ሰዎች ‹‹ቦርጭህን ቀንስ›› ማለት ስላቅ ነው። ስለዚህ ‹‹ስኳር የሀብታም በሽታ ነው›› የሚለው አባባል ሁለት ጊዜ ይገድላል። ቀጭኑን ድሃ ከምርመራ ያስቀረዋል። ባለቦርጩን ገበሬ ደግሞ ‹‹እኔ የት ሀብታም ሆኜ›› ያሰኘዋል።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፤ ጅማ ተቀምጦ ስለ ስኳር ሲጻፍ ቡናን መዝለል ነውር ነው። ለእኛ የሚያስደስት ወሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሆላንድ ውስጥ 17,111 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት በቀን 7 ሲኒና ከዚያ በላይ ቡና የሚጠጡት፣ 2 ሲኒ ወይም ከዚያ በታች ከሚጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ በሁለተኛው ዓይነት ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በግማሽ ያነሰ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ከእንግሊዝና ከሮተርዳም የተሰበሰበ መረጃ ምክንያቱን በከፊል ጠቆመ። ቡና በብዛት በሚጠጡት ዘንድ ያ የቁጣ ምልክት፣ ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲን፣ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከቡና አገር ወጥቶ ባሕር የተሻገረ ፍሬ የፈረንጁን ቁጣ ሲያበርድ የእኛንስ?

ግን ቸኩለን አንጨብጭብ። እነዚህ ጥናቶች ቡና የሚጠጣና የማይጠጣ ሰውን አነጻጸሩ እንጂ ቡናን መድኃኒት አድርገው አልሰጡም። ደግሞስ የምንጠጣው ቡና ነው ወይስ ስኳር? ከተማ ውስጥ በአንዲት ሲኒ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምሮ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት፣ ቡናው ከመጠጣቱ በፊት ስድስት ማንኪያ ስኳር ተጠጣ ማለት ነው። ገጠሩ በጨው ሲጠጣ ‹‹ኋላ ቀር›› እያልን ስንስቅ ነበር። ጨውም ለደም ግፊት የራሱ ጣጣ አለው፤ ቢሆንም ሳቁ ወደ እኛ ሳይዞር አይቀርም።

ጫቱስ? እዚህ ላይ ጓደኞቼ ሊቀየሙኝ ይችላሉ፤ ይቀየሙኝ። ስለ ቅጠሉ የሚደረገውን ክርክር ለባለሙያ ልተወውና አጅቦት ስለሚመጣው ላውራ። በርጫ ሲባል አምስት ስድስት ሰዓት ቁጭ ማለት ነው። መራራውን ለማጣፈጥ ለስላሳ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ይቀርባል። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ጣፋጭ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ፣ ማለትም ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለው። ሲጋራ ይጨመራል። ምርቃናውን ለማውረድ ጨብሲ ይከተላል። እንቅልፍ ይጠፋል። እንግዲህ ቁጭ ማለት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ እንቅልፍ ማጣት፤ እያንዳንዳቸው ያንን ዝቅተኛ ቁጣ እንደሚያባብሱ በየፊናቸው የተጠኑ ነገሮች ናቸው። እኛ ሁሉንም በአንድ ፍራሽ ላይ ሰብስበን ‹‹ጥናት ላይ ነን›› እንላለን። የድድ በሽታም እዚህ ይግባ። የተቆጣ ድድ ስኳርን ያባብሳል፣ ስኳርም ድድን ያስቆጣል። ድዳችን ሲደማ ‹‹ቡሩሹ ሻካራ ነው›› ብለን እናልፋለን እንጂ የሰውነት ቁጣ ነው ብለን መቼ አሰብን?

ታዲያ ‹‹ቁጣው ከሆነ ጥፋተኛው፣ ለምን የቁጣ ማብረጃ እንክብል አንውጥም?›› የሚል ብልጥ አይጠፋም። ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የአሜሪካ ሙከራ ሳልሳሌት የተባለው የአስፕሪን ዘመድ ስኳርን በመጠኑ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መጠኑ ግን ትንሽ ስለነበረ ለስኳር ሕክምና አልዋለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የልብ ድካም አጋጥሟቸው የነበሩ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ውድ የሆነ ቁጣ አብራጅ መርፌ ተሞክሮ ነበር። የቁጣ ምልክቱ ወረደ፣ የልብ ድካም መደጋገሙም ቀነሰ። አዲስ በስኳር የሚያዘው ሰው ቁጥር ግን አልቀነሰም። ይህን የምጽፈው የራሴን ሐሳብ ለማፍረስ አይደለም። ቁጣው አንዱ ክር እንጂ ሙሉው ጋቢ እንዳልሆነ ለመናገር ነው። ዘር አለ፣ ዕድሜ አለ፣ አመጋገብ አለ። ስለዚህ ማንም ከፋርማሲ የሕመም ማስታገሻ እየገዛ ‹‹ስኳር መከላከያ›› ብሎ እንዳይውጥ፤ ጨጓራና ኩላሊቱን ይጎዳል። ‹‹አብሽ ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል፣ ሽፈራው ኢንሱሊንን ይተካል›› የሚለውን ማስታወቂያም ሰምቶ መድኃኒቱን እንዳያቆም።

የሠራው ነገር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ በሆነው የአሜሪካ ጥናት፣ ስኳር ሊይዛቸው አፋፍ ላይ የደረሱ 3,234 ሰዎች ተሳትፈዋል። በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱና ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱ የታገዙት፣ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን እንክብል የወሰዱት በ31 በመቶ ነው የቀነሰላቸው። እግር ከእንክብል በለጠ ማለት ነው። 150 ደቂቃ በሳምንት ሲካፈል በቀን 20 ደቂቃ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ ባጃጅ የምንይዝ ጎረምሶች ሒሳቡን እንሥራው።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይኸው ነው። ስኳርን የምናሸንፈው ሕመሙን በመጠበቅ ሳይሆን ቁጣው ዝም ባለበት ዘመን ቀድሞ በመለካት ነው። እኛ ሕመም የምንለው የሚጮኸውን ነው። ወባ ይጮኻል፤ ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል፣ አልጋ ላይ ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ2024 በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ሲያዝ ጤና ጣቢያው ሁሉ በዚያ መጠመዱ አይፈረድበትም። ስኳር ግን አይጮኽም፤ ያደባል። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ግምት በዓለም ስኳር ካለባቸው 589 ሚሊዮን አዋቂዎች ውስጥ ከ10ሩ ከ4 በላይ የሚሆኑት እንዳለባቸው አያውቁም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 ባካሄደችው ብሔራዊ ቅኝት ከ100 አዋቂ 6ቱ ያህል የደም ስኳራቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ያጎቴ ቀበሌ ሰው ይህን ቢሰማ ‹‹የአዲስ አበባ ሰው ይሆናል›› ነው የሚለው።

‹‹በምን አቅም ይለካ?›› ለሚለኝ ሦስት ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ ሲባጎ። የቡና ጆንያ የሚሰፋበትን ሲባጎ ውሰዱ። ከእግር እስከ ራስ ቁመታችሁን ለኩና ቁረጡት። ለሁለት እጠፉትና በእምብርት ዙሪያ ወገባችሁን ክበቡበት። ዞሮ ከተገናኘ ደህና ነው። ካልተገናኘ ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በልጧል፤ ሆድ ውስጥ ስብ ተከማችቷል ማለት ነውና ደማችሁን አስመርምሩ። ይህ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ ወገብን ከቁመት ግማሽ በታች ማድረግ በሌላው ዓለምም በጤና መመሪያ የሚመከር ነው። ሜትር አይፈልግ፣ ሚዛን አይፈልግ፣ መብራት አይፈልግ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በቦርሳቸው ቢይዙት የሚከብድ አይደለም። በምግብ ሳይበላ የተወሰደ የደም ስኳር ከ100 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር ነው። መሀሉ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ማለት ጊዜ አለህ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ወቅቱ። የዓለም የስኳር በሽታ ቀን ኅዳር 5 አካባቢ ይውላል። ኅዳር በእኛ አገር ምንድን ነው? የቡና ለቀማ! ገበሬው፣ ለቃሚው፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩ ሁሉ በእሸት ቡና መረከቢያው ይገናኛል፤ እጁም ላይ ገንዘብ አለ። እኛ ግን ቀኑን በአዳራሽ፣ በባነርና በንግግር እናከብረዋለን። መለኪያው ወደ መረከቢያው ለምን አይሄድም? በሊሙ፣ በጎማ፣ በጌራ ገበሬው ቡናውን ሲያመጣ ቡናው በሚዛን ይመዘናል፣ እርጥበቱ በመሣሪያ ይለካል፣ ደረጃ ይወጣለታል። የቡናው ባለቤት ግን አንድ ቀን እንኳ ተለክቶ አያውቅም። ከቡናው ያነሰ ነው እንዴ?

ሦስተኛ፣ ባለው ላይ መገንባት። ባዶ እጃችንን አይደለንም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በማህበረሰብ ላይ በተመሠረተ ትምህርቱ ተማሪዎችን ወደ ከተሞቹ ይልካል። በጊልገል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከልም ስለነዚህ ሥር የሰደዱ በሽታዎች መንስኤዎች ጥናት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። በጅማና በጎንደር ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የስኳር ሕመምተኛ ረጅም መንገድ ሳይሄድ በነርስ ክትትል እንዲያገኝ የተሠራ ሥራም አለ። ያ ሥራ በሽተኛውን ወደ ቤቱ አቀረበለት። ቀጣዩ እርምጃ ገና በሽተኛ ያልሆነውን ማግኘት ነው። ቢያንስ ግን፣ አንድ ነገር ደንብ ይሁን፦ የማይድን ቁስል ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ጣቱ ሳይወጋ ወደ ቤቱ አይመለስ።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን፣ ወደ ጋዜጠኞቹ ልመለስ። ስለ ስኳር የምንሠራው ዜና በዓመት አንዴ ነው፤ ‹‹ቀኑ በተለያዩ ዝግጅቶች ተከበረ›› ብለን እንዘጋዋለን። ስንተነትንም ‹‹ጣፋጭ አታብዙ›› ብለን እናበቃለን። በሽታው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ስሙ ከስኳር ጋር ስለተጣበቀ፣ ስኳር የማይቀምስ ሰው ‹‹እኔን አይመለከተኝም›› ብሎ ሬዲዮኑን ይቀይራል። አጎቴም ይቀይሩ ነበር። ያሳሳታቸው ስሙ ነው፤ ስሙን ደጋግመን የነገርናቸው ደግሞ እኛ ነን። ለቡና ገበሬ ‹‹ዝቅተኛ ሥር የሰደደ ብግነት›› ቢባል አይገባውም። ‹‹ቁስል እንደሚቆጣ ሆድ ውስጥ ያለ ስብም ሳያምህ ይቆጣል፤ ቆሽትህን ያሳርረዋል›› ቢባል ግን ይገባዋል። በአፋን ኦሮሞ በገዛ ቋንቋው ሲነገረው ደግሞ የበለጠ ይገባዋል። ይህን መተርጎም የሐኪም ሥራ አይደለም፤ የእኛ ነው።

አጎቴ አሁን መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፣ ሞተሩን ለልጃቸው ሰጥተው ወደ ማሳ በእግራቸው፣ ትንሽ እያነከሱም ቢሆን፣ ይሄዳሉ። ቡናቸው ዛሬም በጨው ነው፤ ጨዉ ግን ቀንሷል። ባለፈው ስሄድ ሲባጎውን አሳየኋቸው። ወገባቸው ላይ አዞሩት፣ አራት ጣት ያህል ቀረው። ሳቁና ‹‹እስቲ አንተ›› አሉኝ። እኔም የእህታቸው ልጅ ነኝ፤ ዘሩ አለብኝ። ለክቼ ዞሮ ተገናኘ፤ ግን ጠበቅ ብሎ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ክፍል የምሄደው በእግሬ ነው።

እናንተስ? ሲባጎ ካጣችሁ የጫማችሁን ክር ቀጣጥሉት። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ቸር እንሰንብት።